አሰልጣኜ ዳኛ የሆነችበት ቅዳሜ

የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ማደግ እያስነጠሱ ማደግ ነው። አባቴ ሸምሱ ከማሬቆዋ ቆሼ ከተማ በርበሬ እየጫነ ቡታጅራ ገበያ ላይ ይሸጥ ስለነበር ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ልብሳችን ሳይቀር፣ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ልጆች ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ በእኔ ያሳብቡ ነበር። ሰሚራ እባላለሁ። ዛሬም የምኖረው ቡታጅራ ነው። የምነግራችሁ ግን ትምህርት ቤት እንደጨረስኩ ሰሞን በአንዲት ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው። እንደዚያች ቅዳሜ ያለቀስኩባት ቀን የለችም፤ እንደዚያች የምትናፍቀኝም የለችም።

ያኔ ሯጭ ነበርኩ፤ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ እለው ነበር። በትምህርት ቤቶች ውድድር አራተኛ ወይ አምስተኛ እወጣለሁ፤ ከዚያ ወደ ፊት ፈቀቅ ብዬ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀረ። አባቴ ነገሩን አላካበደውም። "እንግዲህ መርካቶ አጎትሽ ጋ ትገቢያለሽ፤ ሱቁን ትለምጃለሽ" አለኝ። በእኛ አገር ይሄ ቅጣት አይደለም፤ መርካቶ ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ወላሂ ሱቅ ጠልቼ አልነበረም። ጠዋት ተነስቼ አስፋልት የማልወጣበት ኑሮ ግን ሊታየኝ አልቻለም።

በመሃሉ ወልቂጤ የምትኖረው አክስቴ ወለደችና እሷን እንዳግዝ ተላክሁ። አክስቴ የልብስ ሱቅ ነበራት። ሱቁ እስኪከፈት ድረስ ማለዳ ማለዳ በጉብሬ መንገድ እሮጣለሁ። አንድ ጠዋት ከፊት ለፊቴ አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ ሴትዮ ክንዶቿን አጥፋ፣ ዳሌዋን እያወዛወዘች ስትሄድ አየኋት። ባጃጆች ጥሩምባ ይነፉባታል። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ "ማዘር፣ ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው!" አላት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ልቀድማት ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ።

አልቻልኩም። እኔ እየሮጥኩ፣ እሷ እየተራመደች፣ አቀበቱ ጋ ጥላኝ ሄደች።

አናቱ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "አንተ ጎበዝ ነህ" አለችኝ፤ ያኔ ገና ወንድና ሴት መለየት አይሆንላትም ነበር። "ግን ሩጫ ያንተ አይደለም። እግርህ የእርምጃ እግር ነው።"

ሊንዳ ትባላለች፤ እኔ "ኮች" ነበር የምላት። ባሏ ጉብሬ አካባቢ ባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበርና እሱን ተከትላ ነው የመጣችው። በወጣትነቷ ለአሜሪካ የእርምጃ ውድድር ተወዳዳሪ ነበረች። እዚህ የምጽፈውን ንግግሯን አቃንቼዋለሁ፤ እሷ ስትናገረው እንደ አቀበቱ መንገድ ወጣ ገባ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አስተማረችኝ። እርምጃ ከውጭ ሲያዩት ያስቃል፤ ከውስጥ ግን ጭንቅ ነው። ሁለት ሕግ አለው። አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ ሁለቱም አየር ላይ ከታዩ ሮጠሻል ማለት ነው። ወደ ፊት የተላከው እግር ደግሞ መሬት ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ዳኞች መንገድ ዳር ቆመው በዓይናቸው ብቻ ይፈርዳሉ። ሦስት የተለያዩ ዳኞች ቀይ ከሰጡሽ ወጣሽ። ሰውነትሽ "ሩጪ! ሩጪ!" እያለ ሲጮኽብሽ አንቺ "አልሮጥም" እያልሽ የምትፈጥኚበት ስፖርት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሽንጤን እያመመኝ፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲመጣ ግድግዳ ይዤ እነሳ ነበር። አክስቴ "ይቺ ፈረንጅ ምን አጠጥታሽ ነው?" ትለኛለች። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆንልኝ ነገር አግኝቼ ነበር።

ወራት አለፉ። የዞኑ ውድድር ቡታጅራ ላይ እንደሚደረግ፣ የሴቶች እርምጃም እንዳለበት ተሰማ። አንደኛ የምትወጣው ለክልል ቡድን ታልፋለች። ለአባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ አንድ ጊዜ ልሞክር። ካልሆነልኝ መርካቶ እገባለሁ፤ ዳግመኛ አልከራከርህም።"

በስልኩ የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል። "አንደኛ ከወጣሽ ትቀጥያለሽ። ካልወጣሽ በሳምንቱ መርካቶ። ቃል ነው?"

"ቃል ነው።"

ውድድሩ ሲቃረብ ግን አንድ ችግር መጣ። እርምጃ የሚዳኙ ሰዎች ቢኖሩም ዋና ዳኛ የሚሆን ሰው ታጣ። የሊንዳን ወሬ የሰሙት አዘጋጆች አክስቴ ሱቅ ድረስ መጥተው ለመኗት። "ተማሪዬ ትወዳደራለች፤ አይሆንም" አለች። ዋና ዳኛ ከሌለ የሴቶች እርምጃ እንደሚሰረዝ ነገሯት። ዘወር ብላ አየችኝ። ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። "እሺ" አለቻቸው።

ዋዜማው ላይ በሚኒባስ ተራራውን ተሻግረን ወደ ቡታጅራ ሄድን። ደጋው ላይ ብርድ ስለነበር ፎጣዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ስለ ራሷ ታወራኝ ጀመር። ያደገችው በረዶ የማይጠፋበት ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሷም እንደኔ ደካማ ሯጭ ነበረች፤ ወደ እርምጃ የገባችው ትምህርት ቤቷ ሌላ ተመዝጋቢ ስላልነበረው ነው። ከመኪና መስኮት የለስላሳ ቆርቆሮ ይወረውሩባታል። ቀን ዳቦ ቤት ትሠራለች፣ ማታ ማታ መብራት ባለበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየዞረች ትለማመዳለች።

"አባትሽስ ምን ይል ነበር?" አልኳት።

"አውቶቡሱን እየነዳ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ለተሳፋሪው ሁሉ 'ያቺ ልጄ ናት' ይላል" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠችና ክንዴን ያዘች። "ሰሚራ፣ ነገ አሰልጣኝሽ አይደለሁም። ዳኛ ነኝ። በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ዋናው ዳኛ ብቻውን ማስወጣት ይችላል። እዚያ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ገባሽ?"

"ገባኝ ኮች።"

አልገባኝም ነበር። እንዲያውም በሆዴ "አልሐምዱሊላህ፣ ጫፉ ላይ የራሴ ሰው አለ" እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አስፋልቱ በገመድ ታጠረ። የምንሄደው ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን ነው። ከትምህርት ቤት የመጣ ጥቁር ሰሌዳ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ቀይ የተሰጠባት ልጅ ቁጥር እዚያ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። አባቴ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ከበርበሬ ተራ ጓደኞቹ ጋር መጣ። ስወዳደር አይቶኝ አያውቅም ነበር። ስናሟሙቅ ካየን በኋላ ጠጋ ብሎ በቀስታ "ስፖርቱ ይሄ ነው?" አለኝ።

"ይሄ ነው አባ።"

"እሺ… አላህ ያግዝሽ" አለኝ፤ ሳቁን ውጦ።

ተለቀቅን። ሕዝቡ በመጀመሪያው ዙር ሳቀብን፣ በሁለተኛው ለመደን፣ በሦስተኛው ይጮኽልን ጀመር። ብዙዎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ፊት ሁለት ብቻ ሆንን፤ እኔና አስቴር የምትባል የወልቂጤ ልጅ። አስቴር የአናጺ ልጅ ናት፤ ስትሄድ ከአፏ መዝሙር አይጠፋም። ትንፋሽ እያጠራት እንኳ ታንጎራጉራለች፤ ያ ነገር ያናድደኝ ነበር።

ፀሐዩ በረታ። መዞሪያው ላይ አንደኛው ዳኛ የማስጠንቀቂያ ቢጫ አሳየኝ፤ ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ቁጥሬ ተጻፈ። ብዙም ሳልሄድ ከቁጥሬ ጎን ሁለተኛ ምልክት ተጨመረ። ሁለት ቀይ! ኮች ያስተማረችኝን አስታወስኩ፤ እርምጃዬን አሳጠርኩ፣ ትከሻዬን ጣል አደረግሁ። አስቴር ቀደመችኝ። ጀርባዋን እያየሁ መርካቶን አየሁት፤ የአጎቴን ሱቅ፣ የተደራረበውን ብርድ ልብስ፣ ወደ ላይ የሚያወጣውን ጠባብ መሰላል።

የመጨረሻዋ መቶ ሜትር በኖራ ተሰምሯል። ኖራው ላይ ስንደርስ ጎን ለጎን ነበርን። ከሕዝቡ መሃል የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ። "ሰሚራ! ሰሚራ! የኔ ልጅ!" አባቴ ገበያ ውስጥ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ያን ስሰማ አንድ ነገር ውስጤ ተፈታ። ለጥቂት ቅጽበት ቀለለኝ፤ አስፋልቱ እግሬን መምታት የተወ መሰለኝ። ያ ቅለት ምን እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ክንፍ ያበቀልኩ ነው የመሰለኝ። አስቴርን አለፍኳት፤ ክሩን በደረቴ በጠስኩ።

እልልታው ቀለጠ። አባቴ ገመዱን ዘሎ መጥቶ ከመሬት አነሳኝ። "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እያለ ሲያሽከረክረኝ ኮች ሊንዳ በሕዝቡ መሃል ወደ እኛ ስትመጣ አየኋት።

"ኮች! አየሽኝ?" ብዬ እጄን ዘረጋሁላት።

ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሎ ነበር። ከጀርባዋ የያዘችውን ክብ ቀይ ምልክት አወጣችና ፊቴ ላይ ከፍ አደረገችው።

"አየሁሽ" አለች።

መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ከዚያ አባቴ ቀስ ብሎ መሬት ሲያወርደኝ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሕዝቡ ግራ ተጋባ፤ ወዲያው ተቆጣ። "ምን አጠፋች?" "ፈረንጇ ናት የከለከለቻት!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ከተሰበሰቡት አንድ ትልቅ ሰውዬ ወደ እሷ ጠጋ ብለው በልመና ድምፅ "እህቴ፣ ልጅቷ እኮ ልጅሽ ማለት ናት። ሌሎቹ ዳኞች እዚህ አልነበሩም፤ ማንም አላየም" አሏት።

"እኔ አይቻለሁ" አለች ሊንዳ።

አስቴር አንደኛ ተባለች። ትደሰት ወይም ትዘን ቸግሯት ሜዳሊያዋን በእጇ ሸፍና ቆማ ነበር። አልቀናሁባትም፤ ማየት የማልፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ችግሩ ግን አባቴ ከውድድሩ በፊት ሊንዳን ምሳ ጠርቷት ነበር። "ጥሪ ጥሪ ነው" አለና ይዟት ቤት መጣ። እናቴ ለደስታዬ ብላ ያዘጋጀችው ክትፎ፣ አይቤና ቆጮ ቀርቧል። እኔ ጓዳ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁ። ሳሎን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ እግር ቀረበ። ሊንዳ መጋረጃውን ሳትገልጥ ከውጭ በኩል መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አትመልሺልኝ፤ ስሚኝ ብቻ" አለች።

ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ።

"በወጣትነቴ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ተወዳደርኩ። የሚያልፉት ሦስት ናቸው። መጨረሻው ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ለሦስተኛነት ተያያዝን። ሮጥኩ፤ ሁለቱም እግሮቼ አየር ላይ ነበሩ። የቆመችው ዳኛ ትወደኝ ነበር፤ ከልጅነቴ ታውቀኛለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።"

ሊንዳ ቀጠለች። "አባቴ አውቶቡሱን አቁሞ አለቀሰ። የአገሬን ማልያ ለብሼ በአውሮፕላን ሄድኩ። ትልቁ ውድድር ላይ ግን የሚወደኝ ዳኛ አልነበረም፤ ገና ግማሽ ሳልደርስ አስወጡኝ። ጓደኛዬ በዚያው ስፖርቱን ተወች። እኔ ከዚያ በኋላ ዓመታት ተወዳደርኩ፤ የአገሬ ሻምፒዮንም ሆኛለሁ። ቡድኑ ውስጥ ግን አልተመለስኩም። ሰሚራ፣ ያቺ ዳኛ ብታስወጣኝ ኖሮ እጠላት ነበር። ግን መራመድ እማር ነበር።"

እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ አልራራላትም። "ያንቺ ጸጸት እኔን መርካቶ ሊያስገባኝ ነው" ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። የሷ ታሪክ የእኔን ቀን አልመለሰልኝም።

ነገሩን የለወጠው አባቴ ነው። ከሳሎን ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህቴ፣ ወደዚህ ነይ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።" ተነስታ ሄደች። በመጋረጃው ክፍተት አየኋቸው። አባቴ እጁን ታጥቦ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። "ይቺ ልጅ፣ ሕጉን ጠብቃ፣ ሳትሮጥ ማሸነፍ ትችላለች?"

"ትችላለች።"

"ለእንግድነትሽ ብለሽ፣ እኔን ላለማሳዘን ብለሽ አትንገሪኝ።"

"ትችላለች። አንድ ዓመት ትፈልጋለች። ዛሬ የሮጠችው ስላልቻለች አይደለም፤ የእርስዎን ድምፅ ሰምታ ነው።"

አባቴ ይሄን ሲሰማ መሬት መሬት አየ። እናቴ እንኳ ሳህን ማንሳቱን ትታ ቆማለች።

"በርበሬ ስገዛ" አለ በመጨረሻ፣ "ሻጩ ሁሉ 'ምርጥ ነው' ይለኛል። ማንን እንደማምን ታውቂያለሽ? 'ይሄኛውን ጆንያ ተወው፣ እርጥበት አለው' ያለኝን ሰው ነው። አንቺ ዛሬ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸብሽ ለምትወጃት ልጅ አልዋሸሽም። እንግዲህ ለእኔም አትዋሺኝም።" ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረ። "ሰሚራ! ወጥተሽ ብዪ። ሰኞ ወልቂጤ ትመለሻለሽ።"

"መርካቶስ አባ?" አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም።

"መርካቶ የትም አይሄድም።"

ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሊንዳ ቆጮ ቆርሳ ክትፎ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች። ጉርሻ እንዴት እንደሚሰጥ አታውቅም ነበርና ግማሹን ቀሚሴ ላይ አፈሰሰችው። እናቴ ሳቀች፤ አባቴ ሳቀ፤ እኔ እያለቀስኩ በላሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ዞኑን አሸነፍኩ። ዋና ዳኛው ከሌላ ቦታ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥሬ አንድም ጊዜ አልተጻፈም። አስቴር ሁለተኛ ወጣች፤ ሁለታችንም ለክልል ቡድን ተመርጠን አንድ ክፍል ተጋራን። መዝሙሯን ከእሷ እኩል እስካውቀው ድረስ! ከዚያ ክለብ ገባሁ፤ አገር አቀፍ ውድድር ላይ ሜዳሊያ አገኘሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የመወዳደር ሕልሜ ግን ሳይሳካ ቀረ፤ ጉዳት ደረሰብኝና ቡታጅራ ተመልሼ ማሰልጠን ጀመርኩ። ዛሬ የማሰለጥናቸው ልጆች አሉኝ፤ መንገዱ ላይ ሲያልፉ አሁንም የሚስቅ አይጠፋም።

አንባቢዎቼ፣ ያቺ ቅዳሜ ምን አስተማረችሽ ብትሉኝ፣ ትምህርቱ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ኮች ትክክል መሆኗን የተቀበልኩት በምሳው ሰዓት አይደለም፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በራሴ እግር ነው። የሚወደን ሰው ሁልጊዜ ፊቱን እንዲያዞርልን እንፈልጋለን። እኔም ፈልጌ ነበር። ቀጥ ብላ ባታየኝ ኖሮ ግን አባቴ ማንን አምኖ ይለቀኝ ነበር? ይሄን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። እናንተም በሕይወታችሁ "እምቢ" ያላችሁን አንድ ሰው መለስ ብላችሁ ብታስታውሱ፣ ምናልባት እንደኔ ይናፍቃችሁ ይሆናል።

የጉብሬን ጠዋት እናፍቃለሁ። አቀበቱን፣ ጭጋጉን፣ "አንተ ጎበዝ ነህ" የሚለውን ድምፅ። ሊንዳ የባሏ ሥራ ሲያልቅ አገሯ ተመለሰች። መናኸሪያው ላይ ስንሰነባበት አባቴ አንድ ፌስታል ሙሉ የማሬቆ በርበሬ አሸከማት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ምን እንዳሏት አላውቅም።

አሁን ጉልበቷ በቀዶ ሕክምና ተቀይሮ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ልጆቹን እያሰለጠንኩ ሳለ ደወለችና "ስልኩን ወደ መንገዱ ያዢልኝ፤ እርምጃቸውን ልስማ" አለችኝ። አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብዬ ስልኩን ወደ መሬት አስጠጋሁ። ልጆቹ ተራ በተራ አለፉ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ካለፉ በኋላ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

ከውቅያኖስ ማዶ የሊንዳ ድምፅ መጣ።

"ሦስተኛዋ ልጅ እየሮጠች ነው" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነበር።